ለጁነይድ አፉ በይው

ደሴ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፋኢዛ፣

ወዐለይኩም ሰላም ወራህመቱላህ። ሰላምታሽን የመለስኩት መመለስ ግዴታ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳታስቢበት።

ደብዳቤሽን ካሊድ አምጥቶልኛል። የባሌ ወንድም ነው ብዬ እንደ ሁልጊዜው ግባ አልኩት። እሱ ግን በር ላይ ቆሞ ወረቀቱን በእጁ ሲያሻሸው፣ ገና ሳይሰጠኝ ከማን እንደሆነ ገባኝ። ኒካሕሽ ሲታሰር ከምስክሮቹ አንዱ እሱ እንደነበር ያን ዕለት ነው የነገረኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ቤት እየበላ፣ ልጆቼን በሚኒባሱ ትምህርት ቤት እያደረሰ፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰም! አሁንም በደሴና በኮምቦልቻ መሀል ሲመላለስ የሁለታችንን ወረቀት ይሸከም፤ ቅጣቱ ይሁን።

ስልክ ለምን እንደማላነሳ ጠይቀሻል። እነግርሻለሁ። ጁነይድ ያረፈ ዕለት፣ ጁምዓ ጠዋት፣ ወንዶቹ ጓዳ ውስጥ እያጠቡት ነበር። ለዘመድ አዝማድ ልንገር ብዬ የእሱን ስልክ የያዝኩት እኔ ነኝ። ጠራ። ስሙ "ጎማ አስመጪ" ይላል። ደንበኛው መስሎኝ፣ ጎሚስታው ዛሬ አይከፍትም ልለው አነሳሁት። "የኔ ጌታ፣ ቁርስህን በላህ?" አለች አንዲት ሴት። የሚስት ድምፅ ነው፤ እኔም ሃያ ዓመት ሳወጣው የኖርኩት ድምፅ ስለሆነ አይጠፋኝም። "ጌታሽ ሞቷል" ብዬ ዘጋሁት። መርዶ እንዲህ አይነገርም። ለጠላትም ቢሆን ሰው ይላካል፣ ቁጭ ተብሎ፣ ቀስ ተብሎ ይነገራል። አውቃለሁ። ግን ያንን ድምፅ ደግሜ መስማት አልችልም፤ ስለዚህ አትደውዪ።

ካሊድ የነገረሽም እውነት ነው። ጀናዛው ሊወጣ ሲል ሸሁ ግቢው መሀል ቆመው፣ "ጁነይድ ላይ ሐቅ ያለው፣ የተቀየመው አለ? አፉ በሉት" አሉ። ሰዉ ሁሉ "አፉ ብለነዋል፣ አላህም አፉ ይበለው" አለ። ከዚያ ካሊድ ሴቶቹ ወዳለንበት መጋረጃ መጣና "ረሂማ፣ አንቺስ?" አለኝ። ዝም አልኩ። ደግሞ ጠየቀኝ፣ ደግሜ ዝም አልኩ። ሴቶቹ ጎነተሉኝ፤ ደንግጣ ነው ተባባሉ። አልደነገጥኩም። ዝምታዬን እሺታ አድርገው ይዘውት ወጡ፣ እኔ ግን እሺ አላልኩም። ባሌን ያለ አፉታ ነው የሸኘሁት፤ አሁንም አልልም። በአኺራ እንገናኛለን።

አንቺም ዒዳ ላይ ነሽ አሉኝ። ዒዳሽን ጨርሺና ኑሮሽን ኑሪ። ደግመሽ አትጻፊልኝ።

ረሂማ


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ረሂማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናዎ እንደምን አሉ? ልጆቹስ? አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ። አትጻፊ ብለውኝ በመጻፌ አፉ ይበሉኝ። ሌላ የምጽፍለት ሰው ስለሌለኝ ነው።

ያን ዕለት እንዴት ሆንሽ ብለው በካሊድ አስጠይቀውኛል። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነበር። እርስዎ ከዘጉት በኋላ እጅጌውን ሰፍቼ ጨረስኩት። ለምን እንደጨረስኩት አላውቅም። ልነሳና ልምጣ ብል፣ ማን ነኝ ብዬ ልምጣ? ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተቀብሯል ሲሉኝ እኔ ገና ነጠላዬን እንኳ አልለበስኩም ነበር። የሰፈሬ ሰዎች "ባልሽ የሞተው በሌላ ቤት ነው፣ ለቅሶውም እዚያ ነው" አሉኝ። የቅሬው፣ የዕድሩ ድንኳን አልተጣለልኝም። ጎረቤቴ ሸህ የሱፍ ብቻ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ አባቴ ከሞቱ ወዲህ እንደ አባት የሆኑኝ፣ መጥተው በሬ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ዋሉ። የእኔ ለቅሶ ቤት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ዒዳዬን ይዣለሁ። ኩልም ሽቶም አልነካም፣ ከግቢዬ አልወጣም። ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀኗን ቤቷ ተቀምጣ ትጨርስ የተባልነው ሁለታችንም ነን። እንጂማ መንገዱ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ መጥቼ እግርዎ ላይ እወድቅ ነበር።

እትዬ፣ እኔ እርስዎ የሚያውቁ መስሎኝ ነው ያገባሁት። "ነግሬያታለሁ፣ ፈቅዳለች፣ ግን ዓይን ለዓይን ባትተያዩ ይሻላል" አለኝ። ወላሂ እውነቴን ነው። ዒድ በመጣ ቁጥር "ለእትዬ ረሂማ ሰላም በልልኝ" እለው ነበር። ተመልሶ ሲመጣ "ሰላም ብላሻለች" ይለኛል። ያንን ሰላምታ እየተቀበልኩ ነው የኖርኩት።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። አፉ ይበሉት። ሟች ለራሱ ምንም ማድረግ አይችልም። አላህ የራሱን ሐቅ ይምራል፣ የሰውን ሐቅ ግን ባለሐቁ ካልማረ ይከብዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። በእኔ ምክንያት እዚያ ታስሮ ተኝቷል ብዬ ሳስብ እህል አይወርድልኝም። እኔን አይማሩኝ፤ እሱን ይማሩት።

ደግሞ፣ ፊቱ እንዴት ነበር? ይህን ብቻ ይንገሩኝ።

ፋኢዛ


ደሴ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፋኢዛ፣

ሰላም ብያለሁ፤ ይህኛው እንኳ ከራሴ ነው።

"ሰላም ብላሻለች" የምትለውን ሳነብ ሳቄ መጣ። በለቅሶ ቤት ሳቅኩ! ጎረቤቴ ዓለሚቱ ደንግጣ እጄን ያዘችኝ። ጴንጤ ናት፤ ዱዓ አድርጊልኝ ስላት "እጸልይልሻለሁ" ትለኛለች፣ ወጥ ሠርታ ትመላለሳለች፣ እሷም ሆነች እኔ አንጣላበትም። አበደች ብላ ሳትፈራ አልቀረችም። እኔ እኮ አንቺ መኖርሽን ሳላውቅ ሰላም ስልሽ ከርሜያለሁ።

ፊቱን ጠየቅሽኝ። አልነግራትም ብዬ ሰነበትኩ። ከሱብሒ ሶላት ተነስቶ "ደረቴን" አለና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። መኪና እስኪጠሩ አልቆየም። ልጄ አሚር ጆሮው ሥር ሸሃዳውን አለለት፣ እሱም ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ግንባሩ ላይ ላብ ነበረው፣ ሴቶቹ የሙእሚን ምልክት ነው አሉ። ከከፈኑት በኋላ ለስንብት ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ፊቱ የደከመው ሰው ሲያርፍ እንደሚሆነው ነበር። ጥፍሩ ውስጥ ያለው የጎማ ጥቁር ግን አልለቀቀም፤ አጣቢዎቹ ፈትገው ፈትገው ሲያቅታቸው ተዉት። ይኸው ነገርኩሽ። ላንቺ ብዬ አይደለም፤ የሞተን ሰው ፊት መንፈግ ነውር ስለሆነ ነው።

አፉ ግን አልልም። ሁለት ሚስት ይዞ ወደ አንዷ ያጋደለ ሰው በቂያማ ቀን አንድ ጎኑ ተጣሞ ይመጣል ተብሏል። ይጣመም! ከጅቡቲ ወደ ደረቅ ወደቡ የሚገቡት ከባድ መኪኖች ሌሊት ጎማ ይፈነዳባቸዋል፣ ኮምቦልቻ ማደር አለብኝ ይለኝ ነበር። በሳምንት አራት ቀን የሚፈነዳ ጎማ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔም ሞኟ፣ ሱቁ ውስጥ ሲያድር ብርድ እንዳይመታው ብዬ ፒያሳ ወርጄ ብርድ ልብስ ገዝቼ ላክሁለት። ቡኒ ነው፣ ጠርዙ አበባ አለው። የት ነው ያለው?

አንድ ነገር ደግሞ ንገሪኝ። አንቺ ቤት ምን ይበላ ነበር? እኔ ቤት ሽንኩርት የበዛበት ወጥ አፉ አይገባም። እንዲሁ ማወቅ ፈልጌ ነው።

ረሂማ


ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ረሂማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። አላህ ይስጥዎ። ጥፍሩን ባነበብኩ ጊዜ ነው እንባዬ የወጣው፤ እስከዚያ ድረስ አልመጣልኝም ነበር። ሙሾና ደረት መምታት እንዳልተፈቀደ አውቃለሁ። ዝም ብዬ ነው ያለቀስኩት፣ ግን ብዙ አለቀስኩ። ማታ ማታ ሲገባ በሎሚና በኦሞ እያሸሁ የማስለቅቅለት እኔ ነበርኩ። አይለቅም ነበር።

ብርድ ልብሱ እኔ ጋ ነው። "ከደሴ ገዛሁልሽ" ብሎ ነው ያመጣልኝ። እርስዎ እንደገዙት አላወቅሁም። አጥቤ በካሊድ ልኬዋለሁ።

ወጡን ደብቄ ምን ላድርግ፣ ውሸት በቅቶናል፤ ሽንኩርት የበዛበት ነበር የሚወደው። ድስቱን በእንጀራ ይጠርገው ነበር። ይህን በማለቴ ካስከፋሁዎ አፉ ይበሉኝ። የእርስዎን ምስር ግን ያመሰግን ነበር፤ "ምስር እንደ ደሴ የለም" ሲል ከተማውን የሚያወድስ ይመስለኝ ነበር።

ካሊድ "ልጅ አላት ወይ ብላ ጠይቃለች" ብሎኛል። የለም። ስለዚህ ነገር ሌላ አይጠይቁኝ።

ሸህ የሱፍ ለቁርኣን የሚቀመጡ ዱበርቲዎችን ይዘውልኝ መጥተው ነበር። ሴቶቹ ቁርኣን አንብበው ለጁነይድ ዱዓ አደረጉ። "አሚን" ስል ልቤ ግን እርስዎ ጋ ነበር። የእኔ አሚን የእርስዎን አንዲት ቃል አያህልም። እትዬ፣ ይማሩት።

ፋኢዛ


ደሴ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፋኢዛ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ብርድ ልብሱ ደርሶኛል፣ መልሼም ልኬዋለሁ። ደሴ ብርድ ቢሆንም እኛ ብርድ ልብስ ሞልቶናል። በፌስታል ውስጥ ያለው ምስር ነው፤ የተከካ፣ ንጹሕ። ከተማውን ሳይሆን ሴትዮዋን ለማወደስ የፈለገ ካለ እንዲበቃው ትንሽ ጨምሬበታለሁ። ስለ ሽንኩርቱ ሆድ ይፍጀው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሽንኩርት እየለየሁ ሳወጣ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ትናንት ካሊድን አስቀመጥኩትና፣ "መጋረጃው ጋ መጥተህ እኔን እንደጠየቅከኝ፣ እሷንም ጠይቀሃታል?" አልኩት። መሬት መሬት ያያል። "ኮምቦልቻ ወርደህ፣ በሯን አንኳኩተህ፣ ጁነይድን አፉ በይው ብለሃታል ወይ?" አልኩት። "ማን ያስታውሳታል ብለሽ፣ ግርግር ነበር" አለኝ። ግርግር! ሁለት ዓመት ሲደብቅ ያልተገረገረበት ሰው።

ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ እንደገና አነበብኳቸው። በእያንዳንዱ ውስጥ እኔን ትለምኚኛለሽ። አንቺን የለመነሽ የለም። እሱ እኩል ያካፈለን ውሸቱን ብቻ ነው፤ ያንቺን ድርሻ አስታውሶ አፉታ የጠየቀልሽ ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው አልተገኘም።

ጀናዛው የወጣው ከእኔ ቤት ነው። አፉታም የሚጠየቀው ጀናዛው በወጣበት ቤት ነው። ወንዶቹ ካልጠየቁሽ ጠያቂዋ እኔ ነኝ ማለት ነው። ይህችን መስመር ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ አላህ ያውቃል። ጣውንቷን ስለ ባሏ የለመነች ሴት በዚህ ከተማ ከእኔ በፊት አልነበረችም መሰለኝ።

ፋኢዛ፣ ጁነይድ ላይ ሐቅ ካለሽ፣ ከተቀየምሽው፣ አፉ በይው።

እኔ አላልኩም፤ የእኔ ሌላ ነው። አንቺ ግን ልብሽ ለስላሳ ነው፣ ላንቺ ይቀልሻል። አንድ ቃል ጻፊልኝና ቢያንስ በአንቺ በኩል ያለው ጎኑ ይቃናለት።

ረሂማ


ኮምቦልቻ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ረሂማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሰንብቷል።

አልልም።

"ላንቺ ይቀልሻል" ብለዋል። ከየት አወቁ? እንደ ማሽላ እያረርኩ ስስቅ የኖርኩ ሴት ነኝ። እስከዛሬ እርስዎን ስለምን ሐቁ ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ የራሴን ረስቼው አይደለም፣ የጠየቀኝ ስላልነበረ ነው። እርስዎ ሲጠይቁኝ ተነሳብኝ። ልጅ አለሽ ወይ ብለውኝ የለም ብዬዎታለሁ። የለም፤ ነበር።

ባለፈው የዐረፋ ዕለት ነው። ጊዜው ሳይደርስ ምጥ ያዘኝ፣ ሰዉ ወደ ዒድ ሶላት እየወጣ እያለ። ስልኩ ላይ ብደውል ብደውል ዝግ ነው። ወንድ ልጅ ተወለደ። አልቅሷል፣ ድምፁን ሰምቼዋለሁ። ከዚያ በየግቢው በግ በሚታረድበት ሰዓት እጄ ላይ እንዳለ አረፈ። ሸህ የሱፍ ለካሊድ ደወሉለት። "እነግረዋለሁ፣ ይመጣል" አለ። ጠበቅን። ሽማግሌው በዚያ ፀሐይ እስከ አስፋልቱ እየወጡ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር የሚወርደውን ሰው ያያሉ። ጀናዛ ደግሞ አይቆይም። አጠቡት። ለልብሱ ብዬ የገዛሁት ነጭ ጨርቅ ነበረኝ፤ እሱኑ ከፈን አደረጉለት። ቃሬዛ አላስፈለገውም፤ ሸህ የሱፍ በሁለት እጃቸው ታቅፈውት ሄዱ። ሦስት ጎረቤት ተከተላቸው። አባቱ አልነበረም።

ከዒዱ በኋላ መጣ። ሥጋ በፌስታል ይዞ! የእርስዎን የዐረፋ ሥጋ፣ እትዬ ረሂማ። በሬ ላይ ቁጭ አለና "ሰብር አድርጊ፣ ቀደር ነው" አለኝ። እኔ ሰብርን ከሱ አልማርም። ከደሴ ኮምቦልቻ መውረድ አቅቶት ነው? ቁልቁለት እኮ ነው! አባቱ ያልሰገደበት ልጅ ነው የቀበርኩት። ለማያውቁት ሰው ጀናዛ እንኳ መንገደኛ ከመኪና ወርዶ ይሰግዳል።

ይህን ነው አፉ በይው የሚሉኝ? እንግዲህ ሁለታችንም አላልንም። ሁለቱም ጎኑ ይጣመም።

አይጻፉልኝ አልልም። ይህን ግን ደግመው አይጠይቁኝ።

ፋኢዛ


ደሴ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፋኢዛ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ይህ ለልጅሽ ነው። መርዶው ዘግይቶ ስለደረሰኝ ዘግይቼ አለቀስኩለት። ሬሳ የወጣበት ቤት ቁጭ ብዬ፣ ሌላ ሬሳ እንዳለ ሳላውቅ ከረምኩ። ዓለሚቱም ሰምታ ከእኔ ጋር አልቅሳለች፤ "ያቺን ልጅ ማን አጽናናት?" ነው የምትለኝ።

አልጠይቅሽም። ያየሁትን ግን መንገር አለብኝ፤ ከእኔ በቀር ያየው ሰው የለምና።

ያን ዐረፋ ወንድሞቼ ከነልጆቻቸው ከሐይቅ መጥተው ቤቱ ሞልቶ ነበር። ጁነይድ እንግዳ ሲኖር ስልኩን ይዘጋ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ዛሬ ገብቶኛል። ከዙህር በኋላ ካሊድ መጣና ከበር ጠራው። ሲመለስ ፊቱ አመድ ሆኗል። "ምነው?" ስለው "ሆዴን" አለኝ። "በባዶ ሆድህ ዱለት ላይ ከተቀመጥክ ሌላ ምን ይሁን" ብዬ በእንግዳው ፊት ቀለድኩበት፣ ሰዉም ሳቀ።

እጣቢ ልደፋ ወደ ጓሮ ስወጣ፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር ብቻውን ቆሞ ሲሰግድ አየሁት። ዙህርን ከእኛ ጋር ሰግዷል፣ የአስር ሶላት ገና ነው። የምን ሶላት ነው ብዬ ሳህኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። "አላሁ አክበር" ይላል፣ እጁን አጥፎ ቆሞ ይቀራል። ደግሞ "አላሁ አክበር" ይላል፣ አሁንም ቆሞ ይቀራል። አላጎነበሰም። ግንባሩን መሬት አላስነካም። አሰላምቶ ሲጨርስ፣ "ሰውዬ፣ የሆድ ቁርጠት ሩኩዑንና ሱጁዱን ያስረሳል እንዴ?" አልኩት። ጥርሱን አሳየኝ። ሳቀ ለማለት ይከብደኛል። ከዚያ እጁን ታጥቦ ገባ፣ የወንድሜን ሕፃን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፣ የቀረበለትንም በላ።

ሩኩዕና ሱጁድ የሌለው ሶላት አንድ ብቻ ነው። ሕፃን ያውቀዋል። የጀናዛ ሶላት ነው። ግን ሬሳ በሌለበት ጓሮ፣ በዒድ ቀን፣ ማን ያስበዋል? ደብዳቤሽን እስካነብ ድረስ ሶላት የተሳሳተ ሰው ያየሁ መስሎኝ ነበር።

ልጅሽ ላይ ተሰግዷል ፋኢዛ። በሩቅ ላለ ሟች እንደሚሰገደው፣ አባቱ ባለበት ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አዙሮ፣ ከእኔ ተሸሽጎ ሰግዶበታል።

ይህ ግን የመቅረቱ ምክንያት አይሆነውም። መውረድ ነበረበት። ቤቴን በሙሉ ጥሎ፣ በጉን እንደተሰቀለ ትቶ፣ እውነቱን ተናግሮ መውረድ ነበረበት። እኔን ፈርቶ ቀረ። ባላችን ፈሪ ሰው ነበር።

እኔ በበኩሌ አፉ ብዬዋለሁ። ትናንት ከአስር ሶላት በኋላ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ አሚር እየሰማ። ለልጁ ሁሉንም ነገርኩት። በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣና ሲመሽ ተመልሶ "ሕፃኑ ወንድሜ ነው አይደል?" አለኝ። ነው አልኩት። ስለ ውሸቱ የያዝኩበት ቂም ነበር፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አለቀቀኝም። ግን ልጁን ከአጥር ሥር ሸኝቶ ከእንግዳዬ ጋር ቁጭ ብሎ የበላውን ምግብ ሳስበው፣ እኔ ከዚህ በላይ ምን ቅጣት ልጨምርበት? አቅቶኝ ተውኩት።

አንቺ ልብሽ እንዳለሽ አድርጊ። ባትዪውም አልፈርድብሽም።

እህትሽ ረሂማ


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ረሂማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንኳን ለረመዷን አደረሰዎ። ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? እኔ ደህና ነኝ። በላኩልኝ ምስር ነው የማፈጥረው፤ ሸህ የሱፍም እየመጡ ይካፈሉኛል።

ደብዳቤዎን አነበብኩላቸው። ከአጥሩ ሥር ቆሞ የሰገደበት ጋ ስደርስ "እስቲ እሱን ድገሚልኝ" አሉኝ። ደገምኩላቸው። "ኧረ የአላህ ያለህ፣ እኔ እዚህ አስፋልት ላይ ሆኜ ስረግመው እሱ እየሰገደ ነበር" አሉና በጥምጣማቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ለጁነይድ ያኔውኑ አፉ አሉት። እኔ ግን ያን ቀን አላልኩም።

ንዴቴ ጠፋ ብል ዋሸሁ። ብቻውን መቆሙን ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል። ወዲያው ደግሞ ያ ፌስታል ይታየኛል። "ሰግጄበታለሁ" ቢለኝ ምን ነበረበት? እንዲህ እያልኩ ልብስ ስሰፋ እውላለሁ። በኋላ ግን ልነግርዎ የሚገባ ነገር መጣብኝ።

ሕፃኑ ስም አለው። እጄ ላይ እያለ ነው ያወጣሁለት። ከሸህ የሱፍ በቀር የሰማው የለም። ጁነይድ መጥቶ በሬ ላይ የተቀመጠ ጊዜ "ማን አልሽው?" አለኝ። አልመለስኩለትም። ከዚያ በኋላም ይጠይቀኝ ነበር። ከጎሚስታው ገብቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ እጁን እየታጠበ፣ "ፋኢዛ፣ ስሙን?" ይለኛል። "ብትመጣ ትሰማው ነበር" እለዋለሁ። እንደገና ውሃ ያፈሳል፣ እንደገና እጁን ያሻል። የሞተበት ሳምንትም ጠይቆኛል።

ዛሬ አፉ ብዬዋለሁ። ሸህ የሱፍ እየሰሙ በአፌ ብዬዋለሁ፤ በጽሑፍም ይኸው። አላህም አፉ ይበለው።

ዒዳዬ አላለቀም፣ ወጥቼ መምጣት አልችልም። አሚር ጁምዓ ጁምዓ አባቱ ቀብር እየሄደ ሰላም ይለዋል ብሎኛል ካሊድ። ልጁን እንዲህ ያለ ነገር ማዘዝ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ካላስከፋው፣ የፊታችን ጁምዓ ሲሄድ ከሰላምታው በኋላ ጎንበስ ብሎ ይንገርልኝ። "አባ፣ ስሙ ሀፊዝ ነው" ይበልልኝ።

ፋኢዛ